ስንዴ ይዘራበት የነበረው ሰፈራችን

ዘንድሮ በመምህራን ክፍላችን የሚወራው ስለ ቤት ነው። ሁለት ወጣት ባልደረቦቼ፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ በደብረ ማርቆስ ዳር ቤት ለመግዛት ገንዘብ አሰባስበዋል። ምን እንጠይቅ፣ ምን እንይ እያሉ ሻይ በጠጣን ቁጥር ያነሱብኛል። እኔና ባለቤቴ በዚያው በኩል ገዝተን ከገባን ቆየት ብለናል። ጉዳዩ በሻይ ሰዓት የሚያልቅ ስላልሆነ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ተነሣሁ። በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በእንጅባራም፣ በሞጣም ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት ለሚፈልግ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። በከተማ ዳር የምታዩት አዲስ ሰፈር ሁሉ ትናንት የአንድ ሰው ማሳ ነበር። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው አካባቢ አልራቀም። ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት እርሱን ፈልጋችሁ አነጋግሩት። ካርታው ላይ ያልተጻፈውን ያውቃል፤ ከገባችሁ በኋላም ጎረቤታችሁ እርሱ ነው።

እኛ ለዓመታት የኖርነው ከገበያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። አምስት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ቤት እንጠቀም ነበር። አከራያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን መስከረም በጠባ ቁጥር ኪራይ ይጨምሩ ነበር። እናቴ ከቢቸና በኩል ለሕክምና ስትመጣ መኝታ አጥተንላት ጎረቤት ቤት ታድር ነበር። እናቱ መጥታ ሰው ቤት ስታድር ዝም ብሎ የሚተኛ ልጅ ጎጃም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው፤ መጋዙንና መላጊያውን የሚያስቀምጥበት ጥላ ይመኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጎመንና ጌሾ የምተክልበት ጥቂት መሬት። በመሃል ከተማ ያለው ዋጋ የማይሞከር ስለሆነ ወደ ዳር ወጣን። ገንዘቡ ከእቁብ፣ ከቁጠባና ከወንድሞቻችን ብድር የተሰበሰበ ነው። የመምህርና የአናጢ ገቢ የባንክ የቤት ብድር ለመጠየቅ ስለማያስችል እዚያ ላይ ብዙ አልቆይም።

ዳር ላይ ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ከተሰጣቸው በኋላ የሠሩት ባለ ካርታ ቤት አለ። በሊዝ የተያዘም አለ። ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ሻጩ ከፍሎ ያልጨረሰው የሊዝ ክፍያ ካለ ግን ማን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ ውል አይፈረምም። ከዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ ገበሬው ከእርሻ ይዞታው ቆርሶ በግል ውል በሰጠው ቦታ ላይ ሌሊት ተሠርቶ የሚያድር፣ ጨረቃ ቤት የሚባለው አለ። ደላሎች መጀመሪያ የወሰዱን ወደዚህኛው ነው። ዋጋው የባለ ካርታውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። «ትንሽ ብትታገሡ ከተማው ሲሰፋ ሕጋዊ ይሆናል» አለን አንደኛው ደላላ። ባለቤቴ ልቡ ከጅሎ ነበር፤ የሚከጅልም ዋጋ ነው።

እኔ እምቢ አልሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት «የማይሸጥ የማይለወጥ» የጋራ ንብረት መሆኑን ይናገራል። በከተማ በሕግ የሚሸጠው በቦታው ላይ የተሠራው ቤት ነው፤ ቦታውን የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። የእርሻ መሬት ሽያጭ ውል ግን የቱንም ያህል ሽማግሌ ቢፈርምበት ሕግ ፊት አይቆምም። ቤቱ ይፍረስ የተባለ ቀን ገዢው ንብረቱን ያጣል። ገበሬውም በሕግ ቢነሣ ያገኘው የነበረውን ካሣ አስቀድሞ በርካሽ ሸጦታል። ሁለት ቤተሰብ አንድ ላይ የሚጎዳበትን ነገር ርካሽ ብዬ ልጠራው አልችልም። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ይዘው በሥጋት የሚኖሩ ሰዎችን አውቃለሁ። በእነርሱ አልፈርድም፤ ችግራቸው የእኛ ችግር ነበር። ሊገዛ የሚያስብ ሰው ግን ይህን አውቆ ይግባ።

የመሬት ነገር በጎጃም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ ማሳዬ ሊለካ ነው፣ ከተለካ ደግሞ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። በሞጣና በቢቸና በኩል ተቃውሞው ጠንክሮ ነበር። መንግሥት ወታደር ቢልክም በመጨረሻ ውዝፍ ግብር እስከ መሰረዝ ደርሷል። በ1967 ዓ.ም. የርስት ሥርዓት በአዋጅ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ተካሂዶ ብዙ ማሳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እናቴ ሁለቱን ለውጦች በዓይኗ አይታለች፤ እስከ ዛሬ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ስታይ ደስ አይላትም። ቀያሽ ሲመጣ በከተማው ዳር ያሉት አዛውንት ፊታቸው የሚለወጠው በዚህ ምክንያት መሆኑን አዲስ ገቢ ሰው ሊያውቅ ይገባል።

ለእኛ የሚሆን ባለ ካርታ ቤት ስንፈልግ ሁለት ቀረቡልን፤ ሁለቱም የማኅበር ቤቶች ናቸው። አንደኛው ማዕዘን ላይ ያለ፣ ኮርኒሱ ያማረ፣ ልስኑና ቀለሙ ገና ያልደረቀ ነበር። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ያለ፣ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤትና ከጓሮ የጭቃ ማድ ቤት ያለው፣ ቀለም የሚባል ያልነካው ነው። ዓይናችን ማዕዘኑ ላይ ነበር።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ለራሴ ካልተጠቀምሁበት ምን ዋጋ አለው ብዬ፣ ቤቶቹን በነሐሴ ዝናብ ካላየሁ አልወስንም አልሁ። ይህን ምክር ከሁሉም አስበልጬ እሰጣለሁ። በከተማችን ዙሪያ ያለው ሜዳ በብዙ ቦታ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ካላረፈ ቤቱ በየዓመቱ ከመሬቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። በጥርና በየካቲት የሚሸጥ ቤት አዲስ ልስን ከተቀባ ከልስኑ ሥር ምን እንዳለ ጠይቁ። ወለል የሚገጭ በር፣ የማይዘጋ መስኮት ካያችሁም ቤቱ መንቀሳቀሱን ጠርጥሩ። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው አጠገብ ካለ ደግሞ ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት እየመጠጠ ጉዳቱን ያብሰዋል። ባለቤቴ አናጢ በመሆኑ በሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተና እየዘጋ ፈተሸ። የማዕዘኑ ቤት ሁለት በሮች ወለሉን ይገጫሉ።

በዚያው ዝናብ አጥሩ ጥግ ላሞቻቸውን የሚያግዱ አንድ አዛውንት አገኘን። ጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበዋል። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋላችሁ አባቴ» አላቸው። በእኛ አገር አንድን ታላቅ ሰው እንደ ብዙ ቆጥሮ ማክበር የተለመደ ነው። ቤት ልንገዛ እንደመጣን ስንነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና በዱላቸው አንድ ትልቅ ድንጋይ አመለከቱን።

«ያችን ድንጋይ ታያላችሁ ልጆቼ? እኔ ስንዴ የምዘራው ከእርሷ በላይ ነበር። ከእርሷ በታች ያለውን አባቴም አላረሰው፣ እኔም አላረስሁት። ለሣር ነው የተውነው። ከላይ ከኮረብታው የሚመጣው ጎርፍ የሚወርደው በእርሱ ነው።»

«ለቀያሾቹ ነግራችኋቸው ነበር?» አልኋቸው።

«የጠየቀኝ የለም፣ ልጄ።»

ማዕዘኑ ላይ ያለው ቤት ከድንጋዩ በታች ነው። ቀለም ያልነካው ከድንጋዩ በላይ። የእኛ ውሳኔ እዚያው ዝናቡ ላይ አለቀ። እኒህ ሰው ባይነግሩን ኖሮ የማኅበሩም ፕላን፣ የቤቱም ካርታ ስለ ጎርፉ መንገድ የሚሉት አንድ ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱ ሥራ መጣ። ቦታው 200 ካሬ ሜትር ነው። ሻጮቹ ወደ ባሕር ዳር የተዛወሩ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ሰውየው ብቻውን መጥቶ ሊፈርም ፈለገ። ባለቤቱ ካልመጣች ወይም በአግባቡ የተረጋገጠ ውክልና ካልላከች አንፈርምም አልን። በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቤት የሁለቱ ነው፤ አንዱ ሳይስማማ የተሸጠ ቤት ውሉ እንዲፈርስ ሊከሰስበት ይችላል። ሰውየው ተቀየመ። ሚስቱ ግን በስልክ «እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር» ብላ በሳምንቱ መጣች። ዛሬም ለበዓል እንደዋወላለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። እኛ ሽማግሌዎች ባሉበት ተስማምተን፣ ውሉን ደግሞ በሕጉ መሠረት አስመዘገብን። ሽማግሌዎቹን ያስቀመጥነው ለወጉ ብቻ አልነበረም፤ ስለ አጥሩ ወሰን ክርክር ቢነሣ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። ከፊርማው በፊት ቤቱ ለባንክ መያዣ አለመሆኑን፣ የፍርድ ቤት እገዳም እንደሌለበት በጽሑፍ ጠየቅን። ዋጋውንም በአንድ ጊዜ አልከፈልንም። የመጨረሻውን ድርሻ ስሙ ወደ እኛ ሲዞር ልንከፍል ተስማማን። የቴምብር ቀረጡን 2 በመቶ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ውስጥ አስገባን። ስም ማዛወሩ ግን እጅግ አንገላታን። ፋይሉ የለም ተባለ፤ ተፈልጎ ሲገኝ የመለካቱ ወረፋ አልደረሰም ተባለ፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ገባ። አንድ ሰው ለመብቱ ደጅ ሲጠና የሚሰማው መዋረድ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። የቀረው ክፍያ በእጃችን ባይሆን ኖሮ ሻጩም አብሮን ደጅ የሚጠናበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ቆጣሪውን ሳትመለከቱ እንዳትፈርሙ። በሰፈራችን መብራት ከጎረቤት ቆጣሪ ስበው የሸጡ ነበሩ። ቧንቧ ውሃ ወደ እኛ ጋ በፈረቃ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይመጣል፤ ስለዚህ ሮቶ ከአልጋ ይቀድማል። አሸንዳ ደግሞ ከሮቶው እኩል ያስፈልጋል። የጣሪያውን ውሃ ይሰበስባል፤ ዋልካውንም ከግድግዳው ሥር እንዳይርስ ያደርጋል።

ጎርፉ አዛውንቱ እንዳሉት መጣ። በገባንበት በመጀመሪያው ክረምት ከድንጋዩ በታች ያሉ ቤቶች ወለላቸው ድረስ ውሃ ገባ። አንዲት አራስ ጎረቤታችን ሕፃኗን አቅፋ አልጋ ላይ ወጥታ ነው ያደረችው፤ ከውሃው ያወጣትም የገበሬ ልጅ ነው። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ፤ የት እንደሚቆፈር ግን የሚያውቅ አልነበረም። የቢሮ ሠራተኛው በዚህ ይሂድ ይላል፣ ነጋዴው በዚያ። ያን ጊዜ አዛውንቱን ጠራናቸው። ከኮረብታው ግርጌ ጀምረው እስከ ወንዙ ድረስ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ ሄዱ፤ እኛ ከኋላቸው ችካል ተከልን። በደቦ ተቆፈረ፤ ሴቶቹ ጠላና ቆሎ አቀረብን። ከዚያ ወዲህ ውሃው ቤት ውስጥ አልገባም።

ስለ እኒህ ሰው ጥቂት ልበል፤ ስለ ሰፈር ሲወራ የሚረሱት እንደ እርሳቸው ያሉት ናቸውና። ማሳቸው ለከተማው ሲወሰድ ካሣ ተከፍሏቸዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አድርጎታል፤ ስሌቱም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ የተገኘበትን ይይዛል። መሻሻሉ ጥሩ ነው፤ ለእርሳቸው ግን አልደረሰም። ገንዘቡ ለልጆች ሠርግ፣ ለትንሽ የቆርቆሮ ቤትና ለሁለት ላም ሆነ። አንደኛው ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ ሁለተኛው በአባቱ ማሳ ላይ በሚሠሩት ቤቶች የቀን ሠራተኛ ሆኖ ብሎኬት ተሸክሟል። የእኔንም ቤት ብሎኬት ሳይሸከም አልቀረም። ይህን እያወቅሁ በግቢዬ ጎመን ስቀጥፍ ቅር የሚለኝ ቀን አለ።

ስለዚህም የሰፈሩ እድር ሲቋቋም የተነሣው ክርክር እኔን በጣም አስቆጥቶኝ ነበር። አንዳንዶቹ እድሩ የቤት ማኅበሩ አባላት ብቻ ይሁን አሉ። ገበሬዎቹ መዋጮ አይችሉም፣ ልማዳቸውም ይለያል የሚል ምክንያት ቀረበ። ልማዳቸው ይለያል! አብዛኞቻችን እናትና አባታችን አሁንም ገጠር ናቸው። ተነሥቼ፣ ጎርፉን ማን መራልን፣ አራሷን ከውሃ ያወጣት የማን ልጅ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ አንድ የጤና ባለሙያ ደገፈኝ፣ ሌሎችም ተከተሉ። መዋጮው ሁሉም በሚችለው ልክ ተቀነሰ፤ ከድንኳንና ከብረት ድስት ግዢ አንድ ዓመት ዘገየን፤ ምንም አልሆንንም። ዛሬ አዛውንቱ ከእድሩ ዳኞች አንዱ ናቸው። የአጥር፣ የከብትና የውሃ ጠብ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እርሳቸው ይሄዳል።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ አለ። መሃል ከተማ ስትኖሩ አጥቢያችሁ የታወቀ ነው። ዳር ስትወጡ ሰበካ ጉባኤ የምትመዘገቡት የት ነው? ሰው ሲሞት የሚቀበረው በየትኛው ደብር ነው? ይህን ሳያስቡ ገብተው በኀዘን ሰዓት የተቸገሩ ሰዎች አይቻለሁ። እኛ አዛውንቱን ተከትለን ከጥንት የገበሬዎቹ በሆነችው አጥቢያ ተመዘገብን።

መንገዱን በተመለከተ ገና ብዙ ይቀረናል። ተዋጥተን ገረገንቲ ያስደፋነው እስከ ግማሽ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በእነዚህ ዓመታት ጸጥታው ሲደፈርስና ባጃጅ ሲቆም ደግሞ የዳር ነዋሪ ታማሚውን በቃሬዛ ይዞ ነው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው። ባልደረቦቼ ርቀቱን በባጃጅ ሳይሆን በእግራቸው እንዲለኩት፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት መንገድም በዝናብ እንዲሄዱበት ነግሬያቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ እያለም ቤታችንን እወደዋለሁ። ጠዋት በሰሜን በኩል ሰማዩ ከጠራ የጮቄ ሰንሰለት ይታያል። እናቴ ስትመጣ የራሷ ክፍል አላት፤ ሌሊት ጸሎቷን ድምፅ አውጥታ ታደርሳለች። ባለቤቴ ከጓሮ ጥላ ሠርቶ ወንበርና ቁም ሣጥን ያወጣል፤ የአዛውንቱ ትንሹ ልጅ ብሎኬት መሸከሙን ትቶ ከእርሱ ጋር ሙያ እየተማረ ነው። ጌሾዬም ደርሷል።

አሁን ከኮረብታው ማዶ ሌላ ችካል እየተተከለ ነው፤ ለአዲስ ማኅበራት ቦታ ሊሰጥ ነው ይባላል። የዚያኛው ማሳ ውሃም በእኛ በኩል ነው የሚወርደው። ስለዚህ የእድሩ አባላት ማመልከቻ አዘጋጅተናል። የጎርፉ መንገድ ከመሸንሸኑ በፊት በፕላኑ ላይ ለውሃ መውረጃ እንዲተው፣ ቀያሾቹም የማሳዎቹን ባለቤቶች ይዘው በክረምት እንዲዞሩ ይጠይቃል። አዛውንቱ በጣት አሻራቸው ከሁላችን በላይ ፈርመዋል። ማክሰኞ ማዘጋጃ ቤት ይዘነው እንሄዳለን። ሁለቱ ወጣት ባልደረቦቼም ከዚያው ማዶ ሊገዙ ስላሰቡ አብረውን እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።